ኮቡርግ ጋሻ ላይ ያለው ጥቁር ሰው ማን ነው?

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከጀርመን አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ለሥራ ጉዳይ ኮቡርግ ወደምትባል ከተማ ሄዳ ነው። ፎቶው መንገድ ላይ የተገጠመ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ነው። ብረቱ ላይ የጥቁር ሰው ራስ በጎን ተቀርጿል፤ ጸጉሩ ጥቅልል፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ይሄ ነገር ስድብ ነው እንዴ? ሰው እየረገጠው ነው እኮ የሚያልፈው!»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ጀርመን የሚኖር ወይም ለጉብኝት የሄደ ብዙ አበሻ እንዲህ ዓይነት ምስል ሲያይ መጀመሪያ ልቡ ነው የሚደነግጠው፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ዝም ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም። ሰውየው ስም አለው። ታሪክ አለው። ታሪኩን ስናውቅ ንዴታችን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ የምንናደድበትን ቦታ ግን ለይተን እናውቃለን። ለእሷ በስልክ የነገርኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮቡርግ በባቫሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ 41,000 ገደማ ነው። ያ ራስ የከተማዋ አርማ ነው። የጉድጓድ ክዳኑ ላይ የገባው ክዳኑ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ነው፤ አርማው ባንዲራው ላይም፣ ደብዳቤው ላይም አለ። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ክዳኑ አይደለም። ትልቁ ጥያቄ አንድ ጥቁር ሰው የጀርመን ከተማ ጋሻ ላይ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

እዚያ ከመድረሳችን በፊት እንዲህ ዓይነት አርማ እንዴት እንደሚነበብ እንይ። አዎ፣ ይነበባል። የራሱ ሰዋስው አለው።

ጀርመኖች «ቫፐን» ይሉታል። ቃሉ የጦር መሣሪያ ከሚሉበት ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ ነገሩ የተጀመረው ጋሻ ላይ ስለሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባላባቶች ጦር ሜዳ ላይ ከነብረታቸው ሲሰለፉ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጋሻቸው ላይ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይቀቡ ነበር። ከዚያ ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀመረ። ከተሞችም ተከተሉ፤ የከተሞቹ ግን በአብዛኛው የመጣው በማኅተም በኩል ነው። ከተማ ውል ይዋዋላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስለዚህ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተሙ ላይ የነበረው ምስል ቀስ በቀስ ቀለም ተቀብቶ ጋሻ ላይ ወጣ።

ዛሬ ጀርመን ውስጥ ከ10,000 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፤ ከትልቁ ከተማ እስከ ትንሿ የገጠር ቀበሌ አብዛኞቹ የየራሳቸው አርማ አላቸው። ማንም እንደ ፈለገ የሚቀያይረው ነገርም አይደለም። ባቫሪያ ውስጥ ለምሳሌ አንድ ማዘጋጃ ቤት አዲስ አርማ ሲያወጣ ወይም የነበረውን ሲለውጥ የመንግሥት ቤተ መዛግብትን ማማከር አለበት።

ምልክቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ። አንዱ ከስም ነው። ሙኒክ በጀርመንኛ ስሟ «ሙንሽን» ነው፣ ስሙም ከመነኮሳት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አርማዋ መነኩሴ ነው። በርሊን ድብ አላት፤ ስሟ ከድብ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል። ሁለተኛው ከጌታ ነው፦ አካባቢውን የገዛው መስፍን ወይም ጳጳስ የራሱን ምልክት ትቶበት ያልፋል። ሦስተኛው ከታቦት ነው ልበል? እኛ አገር ደብሩ በቅዱሱ ስም እንደሚጠራው፣ የነሱም ከተማ ጠባቂ ቅዱስ አለው፤ ቅዱሱ ወይም የቅዱሱ ዕቃ ጋሻው ላይ ይወጣል። የኮቡርግ ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። ኢንተርኔት ላይ «ወርቃማ ማለት ቸርነት፣ ጥቁር ማለት ሐዘን፣ ቀይ ማለት ጀግንነት» የሚሉ ሠንጠረዦች ታገኛላችሁ። አትመኗቸው። እንዲህ ያሉ ትርጉሞች የተለጠፉት በኋላ ነው። የድሮው ሕግ ከዚያ ይልቅ የዓይን ጉዳይ ነው፦ ቀለሞቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ «ማዕድን» ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ደግሞ «ቀለም» ናቸው። ማዕድን በማዕድን ላይ አይሄድም፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይሄድም። ለምን? ከሩቅ አይታይማ! ጥቁር በወርቅ ላይ ግን ከሩቅ ፍንትው ብሎ ይታያል። ኮቡርግ ያላት ይህንን ነው፦ በወርቃማ መደብ ላይ ጥቁር ራስ። በሕጉ መሠረት በጣም ንጹሕ ጋሻ ነው።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነጥብ፣ እሱን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የአንድ አርማ ዋናው ነገር ሥዕሉ አይደለም። ቃሉ ነው። እያንዳንዱ አርማ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ መደቡ ምን ቀለም ነው፣ ላዩ ላይ ምን አለ፣ ምን ቀለም ነው፣ ወዴት ዞሯል። ያንን መግለጫ ይዞ አንዱ ሠዓሊ በአንድ መልክ ይሥለዋል፣ ሌላው በሌላ መልክ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንበሳ ከተባለ አንበሳ ይሁን እንጂ ጎፈሬው ምን ያህል እንደሚበተን ሠዓሊው ነው የሚወስነው።

ወደ ሰውየው እንሂድ።

ስሙ ማውሪትሲዩስ ነው፤ ፈረንሳዮች ሞሪስ ይሉታል፣ ኮቡርጎች ቤተ ክርስቲያኑን ሲጠሩ አሳጥረው ሞሪትስ ይላሉ። እኔ እዚህ ቅዱስ ሞሪስ እለዋለሁ። እንደ ትውፊቱ የሮማ ጦር አዛዥ ነበር። ጦሩ «የቴባን ክፍለ ጦር» ይባላል፤ ስሙ ከቴብስ የመጣ ነው፤ ቴብስ በላይኛው ግብፅ፣ ዛሬ ሉክሶር በምንላት አካባቢ የነበረችው ጥንታዊት ከተማ ናት። ከዚያ የተነሡት ወታደሮች ክርስቲያኖች ነበሩ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚያን ወደ አልፕስ ተራሮች ወሰዳቸው። ዛሬ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለች አጋኑም የምትባል ቦታ ሲደርሱ ትእዛዝ ወጣ፦ ክርስቲያኖችን አሳድዳችሁ ያዙ። እነሱም እምቢ አሉ።

ቅጣቱ የሮማውያን የታወቀ ቅጣት ነበር፣ ከየአሥሩ አንድ ሰው ይገደል። ተገደለ። የቀሩት አሁንም እምቢ አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ከየአሥሩ አንድ ተገደለ። አሁንም እምቢ። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጡ፤ መሣሪያ እጃቸው ላይ እያለ አንድም ሰው አልተከላከለም። ይህን የጻፈው በ5ኛው ክፍለ ዘመን የሊዮን ጳጳስ የነበረው ኤውኬርዮስ ነው፤ ቁጥራቸውን 6,600 ያደርሰዋል። ወታደሮቹ ለንጉሡ ላኩት የሚለው መልእክት ላይ አንድ ሁልጊዜ የሚነካኝ ሐሳብ አለ፦ እኛ ያንተ ወታደሮች ነን፣ ነገር ግን የእግዚአብሔር አገልጋዮች ነን። አመፅ አይደለም፣ ፍርሃትም አይደለም። የሚታዘዙበትን ድንበር የሚያውቁ ሰዎች ንግግር ነው።

ሙሉ ክፍለ ጦር አልቋል የሚለውን ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም፤ ኤውኬርዮስ የጻፈው ነገሩ ሆነ ከተባለ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። በ515 የቡርጉንዲው ሲጊስሙንድ እዚያ ገዳም መሠረተ። ገዳሙ ዛሬም አለ፣ ከተማዋም በሰማዕቱ ስም ሳን ሞሪስ ተብላለች። ከ1,500 ዓመት በላይ ያልተቋረጠ ጸሎት ማለት ነው።

ከዚያ ሞሪስ የጀርመን ነገሥታት ወዳጅ ሆነ። በ937 ቀዳማዊ ኦቶ ማግደቡርግ ላይ በስሙ ገዳም አቋቋመ። የቅዱስ ሞሪስ ጦር ተብሎ የሚታመን ጦር ከነገሥታቱ ቅዱሳን ንዋያት አንዱ ነበር፤ ዛሬ ቪየና ይገኛል። በስሙ የሚጠራ ሰይፍም ከዘውድ መጫኛ ዕቃዎቹ መካከል አለ። አስቡት፤ የመካከለኛው ዘመን ትልቁ የአውሮፓ መንግሥት «ጠባቂያችን» ያለው ከአፍሪካ የመጣ ወታደር ነው።

ግን እስከዚህ ድረስ ሥዕሎቹ ላይ ነጭ ነበር! ጥቁር ሆኖ የምናየው የመጀመሪያው ታዋቂ ምስል ማግደቡርግ ካቴድራል ያለው የድንጋይ ሐውልት ነው፤ የተሠራው ከ1240 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ እለምናችኋለሁ። የብረት ጥሩር ለብሷል፣ ፊቱ ብቻ ይታያል፣ እና ያ ፊት የአንድ እውነተኛ ሰው ፊት ነው። ሠሪው አፍሪካዊ ሰው በዓይኑ አይቷል ብዬ አምናለሁ፤ ካላየ እንደዚያ ሊቀርጽ አይችልም። ጌጥ የለ፣ ማጋነን የለ፣ ትኩር ብሎ የሚያይ የደከመ ወታደር ብቻ።

ለምን በዚያ ዘመን ጥቁር ተደረገ? አንዱ ምክንያት ስሙ ራሱ ነው፤ «ማውሩስ» በላቲን የሰሜን አፍሪካ ሰው፣ በኋላም ጥቁር ሰው ማለት ሆነ፣ ማውሪትሲዩስ ደግሞ ከዚያው ቃል ነው። ሌላው ዘመኑ ነው። ዳግማዊ ፍሬድሪክ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥቱ ሲሲሊና ደቡብ ጣሊያን ነበር፤ ዙሪያው አፍሪካውያን ነበሩ፤ ግዛቴ ዓለምን ሁሉ ያቅፋል ማለት ይወድ ነበር። ጥቁር ቅዱስ ለእንዲህ ዓይነት ሐሳብ ይስማማል።

ኮቡርግም የዚህ ቅዱስ ከተማ ናት። ትልቁ ቤተ ክርስቲያኗ በስሙ ሞሪትስኪርሸ ይባላል፤ ሁለት ማማ አለው፣ ሁለቱም እኩል አይደሉም። በ1530 ማርቲን ሉተር እዚያ ሰብኳል። የተወገዘ ሰው ስለነበር አውግስቡርግ ወደሚደረገው ጉባኤ መሄድ አልቻለም፣ ከተማዋ ላይ ባለው ምሽግ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ተቀመጠ። ኮቡርግ በዚያን ጊዜ ፕሮቴስታንት ሆና ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፕሮቴስታንት ከተማ ቅዱሳንን አይማጸንም። ምስሉ ግን ቀረ። ማኅተሙ አለ፣ ጋሻው አለ፣ የለመደ ነገር ነው። ጸሎቱ ሲቀር ታሪኩን የሚናገር ሰው ቀነሰ። ልጆች ጋሻውን እያዩ ያድጋሉ፣ ሰማዕቱን ግን አይሰሙም። ታዲያ ምን ይሉታል? «ሞር» አሉት፤ ጥቁሩ ሰውዬ እንደማለት። የኮቡርግ ሞር። አንድ በስሙ የሚጠራ ሰማዕት ስም የለሽ ጥቁር ራስ ሆነ። ስም ሲጠፋ ደግሞ መልክም ይቀየራል። የማግደቡርጉ ወታደር ፊት ጠፋ፤ በቦታው በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ «የሩቅ አገር ሰው» የሚባለው መልክ ገባ። ጥሩሩ የለ፣ አክሊለ ብርሃኑ የለ። ጉትቻ መጣ። ሮማዊ መኮንን ጉትቻ ምን ያደርግለታል? ጉትቻው የሞሪስ አይደለም፤ «ጥቁር ሰው ሲሣል እንዲህ ነው» የሚለው ልማድ ያመጣው ነው።

«ሞር» የሚለው ቃልም ራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ዝም ብሎ ጥቁር ሰው ማለት ነበር፤ በባርነት ንግድና በቅኝ ግዛት ዘመን ግን የአሽከር፣ የማስታወቂያ፣ የቸኮሌት ማሸጊያ ቃል ሆነ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ጥቁሮች ስድብ አድርገው ነው የሚሰሙት። በርሊን መሐል «የሞሮች ጎዳና» የሚባል ነበር፤ የወረዳው ምክር ቤት በ2020 ስሙ እንዲቀየርና በአንቶን ቪልሄልም አሞ እንዲጠራ ወሰነ። አሞ ዛሬ ጋና በምንለው አገር ተወልዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማረ ፈላስፋ ነው።

የቅዱሱ ሌላ ምስልም ኮቡርግ ውስጥ አለ፣ ቱሪስት ሁሉ የሚያየው። ገበያው ፊት ለፊት ያለው የማዘጋጃ ቤት ጣራ ጫፍ ላይ ሞሪስ በእጁ የአዛዥ በትር ይዞ ቆሟል። የከተማው ሰው ግን «ብራትቩርስትመንለ» ይለዋል፣ የቋሊማው ሰውዬ። ኮቡርግ በጥድ ፍሬ እሳት በሚጠበስ ቋሊማ የታወቀች ናት፤ የቋሊማው ትክክለኛ ርዝመት ሰውዬው የያዘው በትር ነው ይባላል፣ 31 ሴንቲ ሜትር። ፍቅር ያለበት ስም ነው፣ አልቃወምም፤ ሰው ቅዱሱን ከምግቡ ጋር ካገናኘው የቤት ሰው አድርጎታል ማለት ነው። ግን አያችሁ አይደል? እዚህም ስሙ ተረስቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል።

በ1922 ጥቅምት ላይ ሂትለር ብዙ መቶ ሰዎቹን በልዩ ባቡር አሳፍሮ ኮቡርግ ገባ፤ መንገድ ላይ ከባድ ድብድብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በናዚ ፓርቲው ዘንድ እንደ ቅድስት ቦታ ተቆጠረች። በ1929 በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ናዚዎች ከ25 ወንበር 13ቱን አገኙ፤ ጀርመን ውስጥ አብላጫ ወንበር ያገኙባት የመጀመሪያዋ ከተማ ኮቡርግ ናት። ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ አራት ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። በ1931 የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ላይ ባንዲራቸውን ሰቀሉ።

እንግዲህ አስቡት። ዘር ዘር የሚል ፓርቲ፣ ጥቁር ሰው የተሣለበት ጋሻ። በ1934 ጥቁሩን ራስ አነሡት። በምትኩ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ወርቃማ የሆነ ጋሻ አወጡ፤ መሐሉ ላይ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሰይፍ፣ የሰይፉ እጀታ ጫፍ ላይ ስዋስቲካ። ከቀለሙ በቀር ከድሮው ጋሻ ምንም አልቀረም።

እዚህ ጋ ሁሌ ቆም ብዬ አስባለሁ። ያነሡት በቆዳው ምክንያት ነው፣ ግልጽ ነው። ግን የታሪኩን ልብ ካያችሁት ሌላም ነገር አለ። ሞሪስ ማለት ንጹሐንን አሳድድ ሲባል እምቢ ያለ ወታደር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጋሻ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያች ከተማ፣ በዚያ ዘመን! ባለ ሰይፉ ጋሻ 11 ዓመት ቆየ። በ1945 ሚያዝያ የአሜሪካ ጦር ገባ፤ በዚያው ዓመት ከተማዋ ጥቁሩን ራስ መለሰች። ስለዚህ የኮቡርግ ሽማግሌዎች «አርማችንን አትንኩብን» ሲሉ ሁሉም በንቀት የሚሉት አይደለም፤ ለብዙዎቹ የዚያ ራስ መመለስ የናዚ ዘመን ማለቂያ ምልክት ነው። ይህንን ሳያውቁ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

ኮቡርግ ብቻዋን አይደለችም። ሙኒክ አጠገብ ፍራይዚንግ የምትባል የጳጳስ ከተማ አለች፤ የጳጳሳቷ ምልክት ቀይ ዘውድ የደፋ ጥቁር ራስ ነው። ጳጳሳቱ የገዟቸው ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ዛሬም ያንን ራስ ይዘዋል፦ ኢስማኒንግ አንዷ ናት፣ ተራራው ሥር ያለችው ሚተንቫልድም አለች። ቅድም «ከጌታ የመጣ» ያልኩት ዓይነት ነው። ይህ ራስ ከሞሪስ ጋር አንድ አይደለም። በ1284 በጳጳስ ኤሚኮ ማኅተም ላይ ዘውድ የደፋ ራስ ይታያል፤ በ1316 በተጻፈ የርስት መዝገብ ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይገኛል። ማን እንደሆነ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከሰብአ ሰገል አንዱ ነው የሚሉ አሉ፣ ሞሪስ ነው የሚሉ አሉ። ስሎቬኒያ ውስጥ ሽኮፍያ ሎካ የምትባል ከተማ አለች፣ በ973 ለፍራይዚንግ ጳጳስ ለአብርሃም የተሰጠ ምድር ላይ ያለች፤ እዚያ የሚተረከው ደግሞ ጳጳሱ በጫካ ሲያልፍ ድብ መጣበት፣ ጥቁር አገልጋዩ በቀስት ገድሎ አዳነው፣ ጳጳሱም ውለታውን ሊመልስ መልኩን በአርማው ላይ አደረገ የሚል ነው። ተረት ነው፤ ግን ምስሉን ያዩ ሰዎች ከክብር ጋር ሊያገናኙት መፈለጋቸውን ያሳያል።

ለኛ የሚገርመው የፍራይዚንጉ ራስ የላቲን ስም ነው፦ «ካፑት ኤቲዮፒስ»፣ የኢትዮጵያዊ ራስ። አትቸኩሉ፣ ከጎንደር ወይም ከላስታ የሄደ ሰው ነው ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ላቲንና ግሪክ «ኢትዮጵያዊ» ሲል በአብዛኛው ጥቁር ሰው ማለቱ ነው። ቢሆንም ስማችን የአንድ የጀርመን ጳጳስ ጋሻ ላይ ለዘመናት ተጠርቷል። ኋላ ሮማ ላይ በነዲክቶስ 16ኛ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ዮሴፍ ራትሲንገር በ1977 የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ይህን ራስ አርማቸው ላይ አደረጉ፣ ሮማ ሲሄዱም ይዘውት ሄዱ። ለእሳቸው ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያን ዘርና ወገን የማትለይ መሆኗ ነው።

ኮቡርግን ከኛ አካባቢ ጋር የሚያገናኝ ሌላ መንገድም አለ፣ ትንሽ ከርእስ ወጣ ብል ይቅር በሉኝ። የኮቡርጉ መስፍን ዳግማዊ ኤርንስት፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባል የአልበርት ወንድም፣ በ1862 በግብፅ አድርጎ ምጽዋ ድረስ መጥቷል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው በመንሳና በቦጎስ ምድር ለአደን ነው የመጣው፤ የእንስሳት ተመራማሪው አልፍሬድ ብሬም አብሮት ነበር። በጋሻዋ ላይ ጥቁር ሰው ያላት ከተማ መስፍን እውነተኞቹን ሰዎች በአገራቸው አየ ማለት ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። በ2020 በአውሮፓ በጋ፣ አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ፣ ይህ አርማ ይቀየር የሚል የፊርማ ዘመቻ ኢንተርኔት ላይ ተጀመረ። ወዲያው ይቅር፣ አይነካ የሚል ሌላ ፊርማ ተነሣ። አንዱ ወገን «ወፍራም ከንፈር፣ ጉትቻ፣ ጥቅልል ጸጉር፣ ይሄ የቅኝ ግዛት ዘመን የጥቁር ሰው ሥዕል ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ይሄ ቅዱሳችን ነው፣ ያነሡት ናዚዎች ናቸው» ይላል። አርማው አልተቀየረም።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፣ ምክንያቱም ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚያወሩት። አንደኛው ስለ ሥዕሉ፣ ሌላኛው ስለ ሰውየው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ይጠቅማል፦ አርማን የሚያስረው ቃሉ ነው፣ የፊቱ አሣሣል የሠዓሊ ምርጫ ነው። መደቡ ወርቃማ ይሁን፣ ላዩ ላይ ጥቁር የቅዱስ ሞሪስ ራስ ይሁን፤ ከንፈሩ ምን ያህል ይወፍር፣ ዓይኑ እንዴት ይይ፣ ይሄ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። የማግደቡርጉ ፊት አለ። ከ770 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የጀርመን እጅ ነው የቀረጸው። አንድ ጥሩ ሠዓሊ እሱን አይቶ የኮቡርግን ጋሻ እንደገና ቢሥለው፣ ከተማዋ የራሷን ቅዱስ አታጣም፤ እዚያ የሚያድግ የአበሻ ልጅም ትምህርት ቤት ሲሄድ ጋሻው ላይ የሚያየው መኮንን ይሆናል እንጂ የቸኮሌት ማሸጊያ አይሆንም። ጉትቻው ይውለቅ፣ ጥሩሩ ይመለስ። አክሊሉም ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ቃሉስ? እሱ ከሥዕሉም ይቀላል። «ሞር» ማለት ትቶ ማውሪትሲዩስ ማለት ሠዓሊም፣ ፈቃድም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከተማ አስጎብኚዎች ነገ ጠዋት ሊጀምሩት ይችላሉ። መምህራንም እንደዚሁ።

ክዳኑን በተመለከተ፣ የጀርመን ከተሞች ብዙዎቹ አርማቸውን የጉድጓድ ክዳን ላይ ያደርጋሉ፤ የበርሊን ክዳኖች ላይ የከተማዋ ታዋቂ ሕንፃዎች ሳይቀሩ አሉ። ስለዚህ ሊያዋርዱት ብለው ያደረጉት አይደለም። ቢሆንም የሰው ፊት ሲረገጥ ማየት እኔንም አይመቸኝም፤ በተለይ የሰማዕት ፊት። ይህንን ለእሷም ነገርኳት።

እሷም በማግስቱ ሌላ ፎቶ ላከች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ገበያው አደባባይ ሄዳ ቀና ብላ ነው ያነሣችው፤ ጣራው ጫፍ ላይ በትሩን ይዞ የቆመው ሰውዬ ይታያል፣ ከኋላው ደመና አለ። ከሥሩ «ሞሪስን አገኘሁት» ብላለች።